ድንጋዩ ተገኘ፤ የሚለየውስ ማነው?

ባለፈው ዓመት በዜና አጻጻፍ ትምህርታችን ላይ መምህራችን ከውጭ የዜና ወኪሎች የተለቃቀሙ የቆዩ ዜናዎችን ለእያንዳንዳችን አድለው «በአማርኛ ሥሩና አምጡ» አሉን። ለእኔ የደረሰኝ በጥር 2023 ከስዊድን የወጣ ዜና ነበር (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ብዬ ነው)። ኤል ኬ ኤ ቢ የተባለው የስዊድን መንግሥት የማዕድን ኩባንያ በሰሜን ስዊድን በምትገኘው የኪሩና ከተማ አጠገብ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ማግኘቱን አስታወቀ ይላል። በአውሮፓ እስከዚያን ጊዜ ከታወቁት ክምችቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። እኔ ደግሞ ርዕስ ማሳመር እወዳለሁ። «አውሮፓ ከቻይና ጥገኝነት ልትላቀቅ ነው» ብዬ ከላይ በትልቁ ጻፍኩ። ማርኩም መጥፎ አልነበረም።

ማታ ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ የጣልኩትን ወረቀት ኬሚስትሪ የምትማረው ጓደኛዬ አንስታ አነበበችው።

«እሺ፣ ከዚያስ የት ነው የሚለዩት?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ድንጋዩን ነዋ! አሥራ ሰባቱን።»

«ዜናው ላይ የለም።»

«ታዲያ አንቺ ከምኑ ነው የምታላቅቂያቸው?»

ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ዋናውን የእንግሊዝኛ ዜና መልሼ ሳየው ደግሞ የባሰ ነገር አገኘሁ። የኩባንያው ኃላፊ ራሳቸው ማዕድኑን ማውጣት ተጀምሮ ለገበያ እስኪደርስ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚወስድ ተናግረዋል። ይቺን ዓረፍተ ነገር እኔ የመጨረሻው አንቀጽ ጥግ ላይ ወሽቄያት ነበር፤ ቦታ ቢጠብ የምትቆረጠው እሷ ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ማዕድናት የወጣ ዜና ባየሁ ቁጥር ያቺ የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ አግኝታ እንደሆነ እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የለችም። «ተገኘ» የሚለው አለ፣ «ይህን ያህል ቶን» የሚለው አለ፣ «ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር» የሚለውም አይጠፋም። የሚለየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚለይና ከተለየ በኋላ የሚቀረው አተላ የት እንደሚደፋ ግን አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ መናገር የምፈልገውም ይህንኑ ነው፦ የነዚህ ማዕድናት ዜና ያለው በመለየቱ ሥራ ውስጥ ነው፤ እኛ ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማር ልጆች ግን ድንጋዩ ተገኘ በተባለበት ቦታ ላይ ካሜራችንን አጥፈን እንመለሳለን።

መቼም ስሙ ራሱ ያሳስታል። ፈረንጆቹ ሬር ኧርዝ ብለው የሚጠሯቸው አሥራ ሰባት ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ አሥራ አምስቱ ላንታናይድ የሚባሉት ሲሆኑ ስካንዲየምና ኢትሪየም ይጨመሩባቸዋል። ስልካችን ሲንቀጠቀጥ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ሲዞር፣ ጆሮ ላይ የምትሰካዋ ትንሽዬ ማዳመጫ ስትጮህ ከውስጥ ያለው ማግኔት በአብዛኛው ከነዚሁ ከአንዱ፣ ከኒዮዲሚየም የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል ለእነሱ ብዙም አይስማማም። ከመካከላቸው ሴሪየም የሚባለው በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከሁሉም አነስ ይላሉ የሚባሉት ቱሊየምና ሉቴሺየም እንኳ ከወርቅ እጅግ ይበዛሉ። ችግሩ ተለያይተው አለመገኘታቸው ነው። የትም ቢሄዱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ አንዱን ያገኘ ሁሉንም ያገኛል፤ ሁሉንም ያገኘ ደግሞ አንዱንም አላገኘም።

እስቲ በምናውቀው ነገር ላስረዳ። ሠርገኛ ጤፍ ሁላችንም እናውቃለን። ነጩና ቀዩ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ከነጭ ጤፍ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። አንድ ሰው «ነጩን ለብቻ ቀዩን ለብቻ አድርጌ እሸጣለሁ» ብሎ ቢነሳ ማንም ይስቅበታል፤ ወንፊት አይለየው፣ ሰፌድ አይለየው፣ ነፋስ አይለየው። አሁን በዚህ ላይ የሰውየውን ዓይን በጨርቅ እሰሩትና ፍሬውን በክብደቱ ብቻ እየለየ እንዲለቅም እዘዙት። ሁለት ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከአሥር የሚበልጥ ዓይነት ፍሬም ቀላቅሉበት። የነዚህ ንጥረ ነገሮች ኬሚስትሪ ወደዚህ ይጠጋል። ሲሟሙ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙሌት ይይዛሉ፣ ከሌላ ነገር ጋር የሚዋሃዱትም በተመሳሳይ መንገድ ነው። የሚለያዩት በመጠን ነው፤ እሱም በጥቂቱ። የመጀመሪያው የላንታነም አዮን ራዲየሱ 103 ፒኮሜትር ያህል ነው፣ የመጨረሻው የሉቴሺየም ደግሞ 86 ያህል። በመካከሉ አሥራ አራት እርምጃ አለ። ስለዚህ በአንዱና በጎረቤቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፒኮሜትር ገደማ ነው፤ ፒኮሜትር ማለት አንድ ሜትር ለትሪሊዮን ሲካፈል የምትገኘዋ ናት።

ይህን ለማወቅ የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ታሪኩ የሚጀምረውም እዚያው ስዊድን ነው። በ1787 ካርል አክሴል አሬኒየስ የተባለ መኮንን በስቶክሆልም አቅራቢያ ባለችው በኢተርቢ መንደር አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። በ1794 ፊንላንዳዊው ኬሚስት ዮሃን ጋዶሊን ድንጋዩ ውስጥ እስከዚያ ያልታወቀ ነገር እንዳለ አስታወቀ። ያ አንድ ነገር የተባለው ግን አንድ አልነበረም፤ ሲለዩት ሌላ፣ እሱንም ሲለዩት ሌላ እየወጣ ሄደ። በስተመጨረሻ አራት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየምና ኢተርቢየም፣ ስማቸውን ከዚያች መንደር ወሰዱ። በጣም የሚገርመኝ ግን የዲዲሚየም ነገር ነው። ካርል ጉስታፍ ሞሳንደር የተባለ ስዊድናዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንድ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ፣ ከላንታነም ጋር ስለተመሳሰለበት በግሪክኛ «መንታ» የሚል ስም ሰጠው። ዲዲሚየም ለአርባ ዓመት ያህል በየመጽሐፉ እንደ አንድ ንጥረ ነገር ሲጻፍ ኖረ። በ1885 ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ አንጥሮ ሲያየው መንታው ራሱ መንታ ሆኖ ተገኘ፤ ፕራሴኦዲሚየምና ኒዮዲሚየም። ዛሬ ዓለም የሚሻማባቸው የማግኔት ማዕድናት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ያኔ ዲዲሚየም ተገኘ ብለው የዘገቡ ሰዎች አልዋሹም፤ ያልተለየን ነገር ግን እንደታወቀ ነገር ቆጠሩት። የኔም የኪሩና ዜና ጥፋት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

በድሮ ጊዜ የሚለዩት በማሟሟትና መልሶ በማርጋት ነበር። ጨዉን አሟሙቶ ቀስ ብሎ እንዲረጋ ማድረግ፣ ቀድሞ የረጋውን ለብቻ፣ የቀረውን ለብቻ ማድረግ፣ እንደገና ማሟሟት። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ያስተምር የነበረው ቻርልስ ጄምስ በ1911 ንጹሕ ቱሊየም ለማግኘት ይህንኑ ሥራ አሥራ አምስት ሺህ ጊዜ ያህል ደጋግሞታል። አሥራ አምስት ሺህ! እኛ አንድ የቤት ሥራ ሁለት ጊዜ ጻፉ ሲሉን ስንት እንደምናማርር ይታወቃል።

የዛሬው መንገድ ሌላ ነው፤ ትዕግሥቱን ከሰው ወደ ማሽን አዛውሮታል ማለት ይሻላል። ድንጋዩ ተፈጭቶና በአሲድ ሟሙቶ ውኃ ከሆነ በኋላ ከላምባ ጋር ይናጣል። አዎ፣ ያው የምናውቀው ዓይነት ላምባ ነው፤ ውስጡ ግን ፎስፈረስ ያለበት ልዩ የመያዣ ኬሚካል ይቀላቀልበታል። ላምባና ውኃ እንደማይዋሃዱ ቤታችን ውስጥም አይተነዋል። ሲናጡና ሲተዉ ላምባው ከላይ ውኃው ከታች ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ከበድ ያሉት ንጥረ ነገሮች ትንሽ ወደ ላምባው ያደላሉ፤ ቀለል ያሉት ትንሽ ውኃው ውስጥ መቅረት ይወዳሉ። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በአንድ መናጥ የሚገኘው ለውጥ ሊታይ እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ ላምባው ወደ ቀጣዩ ሳጥን ይሄዳል፣ ውኃው በተቃራኒው ወደ ኋላ ይመጣል፣ እንደገና ይናጣሉ። እንዲህ እያለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳጥኖች ተደርድረው አንዱ የሌላውን ውጤት እየተቀበለ ይቀጥላል። በአንደኛው ጫፍ አንዱ ንጥረ ነገር፣ በሌላው ጫፍ ሌላው ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ለቀጣዮቹ ሁለት ጎረቤቶች ሌላ ድርድር ሳጥን ይፈለጋል። እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ተከፍቶ ሚዛኑ እስኪረጋ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ሚዛኑ ከተዛባ የሚወጣው ተመልሶ ሠርገኛ ነው።

ታዲያ ይህን የሚችል ሰው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ አስቡት። እዚህ ላይ ሹ ጓንግሺየን ስለሚባሉ ቻይናዊ ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1951 ወደ ሀገራቸው የተመለሱ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በዚያን ዘመን ቻይና ያልተለየውን ጥሬ ማዕድን በርካሽ ትሸጥና የተለየውን በውድ መልሳ ትገዛ ነበር። በ1972 ፕራሴኦዲሚየምንና ኒዮዲሚየምን የመለየት ሥራ ለሹ ተሰጣቸው፤ ከሁሉም አስቸጋሪዎቹ ጥንዶች እነዚሁ መንታዎቹ ናቸው። ሹ የሳጥኖቹን ቁጥር፣ የላምባውንና የውኃውን መጠን በስሌት አስቀድሞ የሚያሳውቅ ንድፈ ሐሳብ ሠሩ። ከዚያ በፊት በብልቃጥ እየናጡ ለወራት ይሞከር የነበረውን በወረቀት ማስላት ተቻለ። ቆይቶም ዕውቀቱን በሥልጠና ለፋብሪካዎች አሰራጩት። በየቦታው ፋብሪካ ፈላ፤ በ1990ዎቹ የተለዩት ማዕድናት ዋጋ አሽቆለቆለ፤ ሌሎች ሀገሮች መወዳደር አቃታቸው። የሀገሪቱን ከፍተኛ የሳይንስ ሽልማት የ2008ቱን አግኝተዋል። እኒሁ ሰው ግን በ2005 እና በ2006 ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው ማዕድኑ እንዲጠበቅና የባኦቱ ቶሪየም እንዳይባክን፣ አካባቢውንም እንዳይበክል ለመንግሥት አቤቱታ ጽፈዋል። ሥራቸው ያመጣውን አይተው ዝም ያላሉ ሰው በመሆናቸው ከሽልማቱ ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስከብራቸዋል እላለሁ።

ዛሬ ዓለም ላይ ለማግኔት ከሚሆኑት ከነዚህ ማዕድናት ቻይና የምታወጣው ወደ 60 በመቶ ሲሆን የምትለየውና የምታጣራው ግን ወደ 90 በመቶ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። የኃይሉ ምንጭ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው። በታኅሣሥ 2023 ቻይና የማውጫና የመለያ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ያኔ የተከለከለው ድንጋዩ አልነበረም፤ አለያየቱ ነበር። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ዲስፕሮሲየምንና ተርቢየምን ጨምሮ ሰባት ዓይነቶቹ ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ስታደርግ፣ ከወር በኋላ ፎርድ በማግኔት እጥረት ምክንያት የቺካጎ ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት ዘጋ።

አሜሪካኖቹ ድንጋይ አጥተው ነው? የላቸውም እንዳይባል ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንቴን ፓስ የሚባል ማዕድን አላቸው፤ የቀለም ቴሌቪዥን በመጣበት በ1960ዎቹ ለቀዩ ቀለም የሚያስፈልገውን ዩሮፒየም ለዓለም ያቀርብ የነበረ። በ1990ዎቹ የፍሳሽ ቧንቧው እየፈነዳ የተበከለ ውኃ ምድረ በዳው ላይ ስለፈሰሰ የመለያው ክፍል በ1998 ቆመ፤ በ2002 ማዕድኑም ተዘጋ። ከዚያ ተከፈተ፣ የከፈተው ኩባንያ በ2015 ከሰረ፣ በ2017 ሌላ ኩባንያ ገዛው። አዲሱ ባለቤት ለዓመታት ያደረገው ነገር ታዲያ ከካሊፎርኒያ የወጣውን ያልተለየ ማዕድን በመርከብ ጭኖ ወደ ቻይና መላክ ነበር! ኒዮዲሚየምና ፕራሴኦዲሚየምን እዚያው መለየት የጀመረው በ2023 ነው፤ ወደ ቻይና መላኩን ያቆመው በሚያዝያ 2025። እንግዲህ ከመለያው ውጭ ያለ ድንጋይ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ኃይል ነው። ሌላው ገጽ አተላው ነው፤ ለእኔ እንደ ጋዜጠኛ ተማሪ የበለጠ የሚከብደኝም እሱ ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከመሬት ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ቶሪየም አብሯቸው ይመጣል። ቶሪየም ጨረር አመንጪ ነው። የሚፈለገው ተለይቶ ሲወሰድ ቶሪየሙ ከአሲዱና ከጭቃው ጋር እዚያው ይቀራል። የለየው ሀገር ትርፉን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይወስዳል።

ማሌዥያ ኢፖ ከተማ አጠገብ ቡኪት ሜራ የሚባል ሰፈር አለ። በ1982 የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ኬሚካል ድርሻ ያለበት ኤዥያን ሬር ኧርዝ የተባለ ፋብሪካ እዚያ ሥራ ጀመረ፤ ከቆርቆሮ ማዕድን ተረፈ ምርት ኢትሪየም የሚያወጣ ነበር። ነዋሪዎቹ ዝቃጩ በአግባቡ አልተያዘም፣ ልጆቻችን በደም ካንሰር እየታመሙብን ነው፣ እርግዝና እየጨነገፈ ነው ብለው በ1985 ፍርድ ቤት ሄዱ። ኩባንያው በሽታው ከእኔ አይደለም ብሎ ተከራከረ። በ1992 የኢፖ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፋብሪካው እንዲዘጋ ወሰነ፤ በ1993 የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ኩባንያው ግን በ1994 ራሱ ዘጋው። ቦታውን ማጽዳቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት የወሰደ፣ በመቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተ ሥራ ሆነ። ፋብሪካው የሠራው ለአሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ላይናስ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ማዕድኑን የሚያወጣው በምዕራብ አውስትራሊያ ከማውንት ዌልድ ነው፤ የመለያ ፋብሪካውን ግን የከፈተው በ2012 ማሌዥያ ውስጥ ኩዋንታን ከተማ አጠገብ ነው። የቡኪት ሜራን ታሪክ የማያውቅ ማሌዥያዊ አልነበረምና በዚያው ዓመት ተቃዋሚዎች ከኩዋንታን እስከ ዋና ከተማዋ ኳላላምፑር 300 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጓዙ። ፋብሪካው ግን ቀጠለ። ዛሬ ከቻይና ውጭ ያለ ትልቁ መለያ እሱ ነው፤ በግንቦት 2025 ዲስፕሮሲየም ለይቶ ማውጣቱን ሲያስታውቅ የዓለም የኢኮኖሚ ገጾች በደስታ ነው የዘገቡት። ደስታውን አልቃወምም። አንድ ዘገባ ግን ያንን የእግር ጉዞ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ቢያስታውስ ምን ይጎድልበት ነበር?

ጥሩ የተሠራ ሥራ የለም እንዳትሉኝ አንድ ልጥቀስ። በ2015 ቲም ሞን የተባለ ጸሐፊ ለቢቢሲ የጻፈው ነው። ከዕቃ ጫኝ መርከቦች ተነስቶ ዕቃዎቻችን የመጡበትን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተሉ ከሄዱ ሰዎች ጋር ሆኖ መጨረሻ ላይ የደረሰው በቻይናዋ ባኦቱ ከተማ ዳር ካለ ጥቁር የዝቃጭ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ ዳር ጭቃ ዘግነው ወስደው አስመረመሩት፤ የጨረሩ መጠን ከተለመደው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አሠራሩን ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ከማዕድኑ ተነስተን ወደ ተስፋው ነው የምንጽፈው፤ እነዚህ ከስልኩ ተነስተው ወደ ጭቃው ነው የሄዱት።

በኛ አህጉርም የሚታይ ምሳሌ አለ። ቡሩንዲ ጋካራ በሚባል ቦታ ሬይንቦ ሬር ኧርዝስ የተባለ ኩባንያ በ2017 ማዕድን ማውጣት ጀመረ። ከአፍሪካ ብቸኛው አምራች ተብሎ ብዙ ተጻፈለት። የሚወጣው ግን ያልተለየ ድብልቅ ነበር፤ ሠርገኛው ማለት ነው። የድብልቁ ዋጋ የሚተመነው በውስጡ ካሉት ከተለዩት ንጥረ ነገሮች ዋጋ ላይ ተቀንሶ ነው፤ ስንት እንደሚቀነስ በመወሰኑ በኩል ደግሞ የመለያው ባለቤት የበላይነት አለው። በ2021 የቡሩንዲ መንግሥት ሀገሪቱ ተገቢ ዋጋ እያገኘች አይደለም ብሎ ምርቱንም ወደ ውጭ መላኩንም አገደ። በዚያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ መጠየቅ የጀመረው። ጥያቄው ግን በ2017፣ ሪባን ሲቆረጥ መጠየቅ ይችል ነበር። የጠየቀ ጋዜጠኛ ቢኖር መልሱን ያገኝ ነበር ብዬ ባልምልም ጥያቄው መዝገብ ላይ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ሀገር መለያ ፋብሪካ ይክፈት ማለቴ ነው? አይደለም። ቡኪት ሜራን አንብቤ እንደዚያ ማለት አልችልም። የአተላውን ማስቀመጫ ሳያዘጋጅ መለያ የሚከፍት መንግሥት ለነዋሪው ካንሰርን ለዘመድ እንደማውረስ ያለ ነገር ነው የሚያደርገው። ነገር ግን ድንጋዩን ብቻ የሚሸጥ ሀገርም ምን ያህሉን እንደተወ ሕዝቡ ማወቅ አለበት። ሁለቱም ሒሳብ አብሮ ካልቀረበ፣ ሰው «ፋብሪካው ይምጣ» ወይም «አይምጣ» ብሎ የሚፈርደው በባዶ ነው።

ይህንን በክፍል ውስጥ ሳነሳ አንዳንድ ጓደኞቼ «ኧረ ተይ፣ አንባቢ ኬሚስትሪ አይፈልግም» አሉኝ። አክብሬ አልስማማም። እናቶቻችን ከአንድ ጥንስስ አንደኛውን አረቄ፣ ሁለተኛውን፣ ዳግሙን እየለዩ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው፤ ማንጠር ምን እንደሆነ ማንም አያስተምራቸውም። ሠርገኛ ለምን እንደሚረክስ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ኬሚስትሪውን የፈራነው እኛ እንጂ አንባቢው አይመስለኝም። ቃሉ ይከብዳል ከተባለም ቃሉን መተው ይቻላል፤ እኔ እዚህ ድረስ ስጽፍ ላምባ፣ ውኃና ሳጥን ብዬ ነው የመጣሁት። ሌሎች ደግሞ «ወኪሎቹ ያልጻፉትን ከየት እናመጣለን?» ይላሉ። ይህኛው እውነት አለው፤ ኪሩና ድረስ የሚልከን የለም። ግን አንድ ነገር እኛው ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጬ አገኘሁ። ኤል ኬ ኤ ቢ የኪሩናን ዜና ከማውጣቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2022 መጨረሻ፣ በኖርዌይ ሄሮያ የመለያ ፋብሪካ የሚሠራ ሪቴክ የተባለ ኩባንያ ዋነኛ ባለድርሻ ሆኗል። የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ ይህ ነበር። ተደብቆም አልነበረም፤ ኩባንያው ራሱ አስታውቆታል። አንድ ሚሊዮን ቶን የሚለው ቁጥር ግን ዓለምን ሲዞር ይህኛው የሄደበት አልታወቀም።

ሰሞኑን ያንን የቤት ሥራ ለራሴ ደግሜ ጻፍኩት። መግቢያው እንዲህ ሆነ፦ «የስዊድኑ የማዕድን ኩባንያ ኤል ኬ ኤ ቢ በኪሩና አጠገብ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ያልተለዩ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ከብረት ማዕድን ጋር ተቀላቅለው መገኘታቸውን አስታወቀ። ማውጣቱ ለመጀመር ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይወስዳል። ማዕድናቱን አንድ በአንድ የመለየቱን ሥራ በተመለከተ ኩባንያው በኖርዌይ የመለያ ፋብሪካ ውስጥ ድርሻ ገዝቷል።»

ለጓደኛዬ ሰጠኋት። አነበበችና «ቶሪየሙስ?» አለችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። ርዕስ ግን እስካሁን አላገኘሁለትም።